ያልታወቀው አጥቢ

ዶክተር ደምመላሽ አዋሽ ሰባት ኪሎ በገቡ በማግስቱ በራቸው ላይ በሽተኛ ተሰለፈ። አክስቴ ኑርሀያት ከፀጉር ቤቷ ጀርባ ከምታከራያቸው ሦስት ክፍሎች አንዱን ይዘው ነበር፤ ሰፈሩ «ዶክተር መጥቷል» የሚለውን ሰምቶ የቀረውን ለመስማት አልቆመም። ሆዱን የያዘ የጅቡቲ መስመር ሾፌር፣ ጉንጯ ያበጠ ሻይ ሻጭ፣ ልጅ ያዘለች እናት። ዶክተሩ ወጥተው እሳቸው የዱር አጥቢ እንስሳት ተመራማሪ እንጂ ሐኪም እንዳልሆኑ በትህትና አስረዱ። ሾፌሩ እስከ መጨረሻው አዳመጣቸውና እሱም የእናቱን ጡት ጠብቶ ማደጉን ነገራቸው። የራሳቸውን የራስ ምታት ኪኒን ሰጥተው ሸኙት።

በሃያ ስድስት ዓመት አገልግሎታቸው ለአጥቢ የዋሉት ውለታ ይሄ ብቻ ነው ብል ምቀኛ እባላለሁ። ስለዚህ ታሪካቸውን ራሳቸው እንደነገሩኝ ላስቀምጥ።

የመመረቂያ ጥናታቸው በገብስ ጎተራ አይጦች ላይ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ገበሬዎቹ «ችግሩ አይጥ ከሆነማ» ብለው ድመት አስገቡና ጥናቱ የሚጠናው አለቀበት። ከዚያ አንበሳ ቆጠሩ። አንበሳ የሚቆጠረው ጎህ ሲቀድ፣ በድምፁ ነው፤ በአራት ዓመት ውስጥ ሰባት አንበሳ ሰምተዋል፣ አንድም አላዩም። ከሰባቱ ሦስቱ አንድ አንበሳ ሳይሆኑ እንደማይቀሩም በግርጌ ማስታወሻ አምነዋል። ቀጥሎ ሹመት መጣ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያዩት አጥቢ ሁሉ ክራቫት ያሰረ ነበር። ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ሲቀራቸው የጅብን አመጋገብ የሚያጠና ፕሮጀክት ተሰጣቸውና ወደ በረሃ ተመለሱ። ባልደረቦቻቸው አንዱ በእንቁራሪት፣ አንዱ በጢንዚዛ ስሙን አስጠርቷል። በእሳቸው ስም የሚጠራ አንድ ትል እንኳ በዓለም ላይ የለም። ይሄ ነገር እንደሚያንገበግባቸው የገባኝ ቆይቶ ነው።

እኔ ሂያም ነኝ። ከአስረኛ ክፍል በኋላ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ እኔ ግን አንድ ሰው አስተምሬያለሁ፣ ራሴን። ከዶክተሩ በፊት ክፍሉን ተከራይቶ የነበረ ፈረንጅ ትቶት የሄደውን የአጥቢ እንስሳት መጽሐፍ ከመዝገበ ቃላት ጋር ሦስት ጊዜ ጨርሼዋለሁ። አንዲት ደንበኛ ካስክ ስር ገብታ ፀጉሯ እስኪደርቅ ድረስ የአንድ እንስሳ መንጋጋ አነብባለሁ። አክስቴ ስለ ከርከሮ ይሄን ሁሉ ያወቀች ልጅ ስለ ባል አንድ ነገር ብታውቅ ምን ነበረበት እያለች ለደንበኛ ሁሉ ታማኛለች፤ እኔ ደግሞ እስካሁን ካየኋቸው ባሎች ከርከሮው የተሻለ ጎጆ እንደሚቆፍር እነግራታለሁ። ዶክተሩ መጽሐፉን እጄ ላይ ያዩ ዕለት ቀጠሩኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። የጅብን ምግብ ማወቅ የፈለገ ሰው ጅቡን አይጠይቅም፤ ያራውን ያጥባል። ሥጋው ይፈጫል፣ አጥንቱ ኖራ ይሆናል፣ ፀጉር ግን እንደገባ ይወጣል። ፀጉሩ ታጥቦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የፍየል ይሁን የአህያ፣ ከዱሩም የእንሹ ይሁን የሳላ ይታወቃል። ነገሩ በሪፖርት ላይ «ናሙና» ይባላል። በወንፊት ያጠብኩት እኔ ስለሆንኩ የክርስትና ስሙን ብቻ ሳይሆን የቤት ስሙንም አውቀዋለሁ።

ናሙናውን የሚያመጣልን ያዮ ነበር። ያዮ አፋር ነው፤ የፕሮጀክቱ ጠባቂ። ጅቦቹ የሚውሉበት ዋሻ ከከተማው ወዲያ፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው ቁልቁለት አፍ ላይ ነው፤ የያዮ ቤተሰብ ፍየሉንና ግመሉን ውሃ የሚያወርደውም በዚያው ቁልቁለት ነው። ስለዚህ ያዮ ናሙናውን ሊሰበስብ ብሎ አይሄድም፤ ፍየሉን ሲያጠጣ አንስቶት ይመጣል።

በሁለተኛው ወር ዶክተሩ አንድ ቃል ገቡልኝ። ፕሮጀክቱ ከተራዘመ ሰመራ ላይ ቤተ ሙከራ ይከፈታል፤ እኔም በረዳትነት፣ በቋሚነት እቀጠራለሁ፤ የአስረኛ ክፍሌን ነገር እሳቸው በደብዳቤ ይፈቱታል። ነጭ ጋዋን፣ የራሴ ወንበር፣ የራሴ ማይክሮስኮፕ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሹሩባ ስሠራ ጣቶቼ አዋሽ፣ ልቤ ሰመራ ሆነ።

በአምስተኛው ወር አንድ ጠዋት ዶክተሩ ከክፍላቸው ጠሩኝ። ሻያቸው ሳይጠጣ ቀዝቅዟል። ካጠብኩት ውስጥ የተድበለበለ ቡናማ ክር የሚመስል ነገር ለይቼ ሰጥቻቸው ነበር፤ እሱን በአልኮል አጽድተው ማይክሮስኮፕ ስር አድርገውታል። እይ አሉኝ፣ አየሁ። የማንኛውም አጥቢ ፀጉር ላዩ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ነው፤ ይሄኛው እንደ ብርጭቆ ዘንግ ልሙጥ ነበር። ውስጡም ምንም የለው።

ቅርፊት እንደሌለው፣ መሃል እንደሌለው፣ በመጽሐፍ ከተመዘገቡት አጥቢዎች አንዱንም እንደማይመስል በሹክሹክታ ነገሩኝ። ጅቡ ይሰማቸው ይመስል።

«ስለዚህ አዲስ ነው ሂያም። ለሳይንስ አዲስ ነው።»

ከማይክሮስኮፑ ቀና ብዬ የተረፈውን አየሁት። ከወረቀት ላይ ተዘርግቷል፤ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ርዝመቱ ከክንዴ ይበልጣል። ጫፉን በሁለት ጣቴ ይዤ ወደ ላይ ሳብኩት፣ ወደ ታች ሳብኩት። ፀጉር አቅጣጫ አለው፤ ወደ አንድ በኩል ሲስቡት ይለሰልሳል፣ ወደ ሌላው ይሻክራል። የሰውም፣ የፍየልም፣ የአንበሳም እንዲሁ ነው። ይሄ ግን በሁለቱም በኩል እኩል ተንሸራተተ። ዓይኔን ጨፍኜ ብይዘውም አውቀዋለሁ። ቁጥር ሰላሳ ሦስት የሹሩባ ዊግ ነው። ያለፈው ረመዳን ሲወጣ፣ ለዒድ፣ ከተማው ግማሹ በሱ ተሠርቷል፤ ከተሠራውም አብዛኛውን የሠራሁት እኔ ነኝ።

እንዴት ጅብ ሆድ ገባ የሚል ካለ፣ ጥፋቱም የእኔው ነው። የተፈታውን ሹሩባ በማዳበሪያ አጭቄ የወንዙ ገደል አፋፍ ላይ የምደፋው እኔ ነኝ። ጎረቤታችን ከድሩ ሥጋ ቤት አለው፤ አጥንቱን በዚያው ማዳበሪያ ይጨምርልኛል። ደንበኞቻችን ደግሞ ቅቤ ሳይቀቡ አይሠሩም። ቅቤ የጠጣ ዊግ ከአጥንት ጋር ሲመጣለት ይሄ ምንድን ነው ብሎ የሚለይ ጅብ አላህ አልፈጠረም። ለመለየት ዲግሪ ያስፈልጋል፤ ዲግሪ ያለውም ይኸው አልለየም።

ነገርኳቸው። ሁሉንም፣ ማዳበሪያውንም ሳይቀር። ዶክተሩ ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ፤ ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ እየጠረጉ ጠየቁኝ።

«ምንጭሽ ምንድን ነው?»

«እጄ ነዋ ዶክተር። ስምንት ዓመት ይዤዋለሁ።»

«እጅ አይጠቀስም» አሉኝ።

ክፋት አልነበረበትም። እንደ አባት ነው ያሉኝ፤ ሳይንስ በተጻፈ ነገር ላይ እንደሚቆም፣ ስለ ዊግ አጥቢነት ወይም አጥቢ አለመሆን የተጻፈ ጥናት እንደሌለ አስረዱኝ። ከዚያ የሰመራው ቤተ ሙከራ አሁን የማይቀር መሆኑን፣ የቅጥር ደብዳቤዬንም መጻፍ እንደጀመሩ ጨመሩልኝ። ከዚያ በኋላ ዝም አልኩ። ምክንያት አልደረድርም፤ ወንበሩን ስለፈለግኩት ነው። እኔ ዝም ብል እንስሳ አይጎዳም፣ እንስሳም የለ።

እኔ ዝም ስል ሌላው አልተኛም። እንስሳው ሳይገኝ የእንስሳው አስተባባሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ አሥራ አንድ አባል ነበረው። ሰብሳቢው አቶ አብዱናሲር የሚባሉ የሰመራው የክልል ቢሮ ኃላፊ ናቸው፤ በመጀመሪያው ስብሰባ እንስሳው በቢሮው ስም እንዲጠራ ሐሳብ አቀረቡ። ዶክተሩ ደም ሥራቸው ተገታትሮ ተከራከሩና የመጀመሪያ ስሙ የቢሮው፣ የአባት ስሙ የዶክተሩ እንዲሆን በስምምነት ተወሰነ። ካናቴራ ታተመ። ሠዓሊው የእንስሳውን ፊት ስለማያውቀው ከኋላው ሳለው፤ ረጅም ፀጉሩን ለቆ ከሰው የሚሸሽ ነገር ነው። አንድ ቀን አክስቴ ካናቴራውን ለብሰው የሚያልፉ ሁለት ሰዎች አይታ፣ ይቺን ከኋላዋ ያየኋት መሰለኝ፣ ለዒድ አልተሠራችም ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ዶክተሩ ያዮንም ጠየቁት። ያዮ በማያውቀው ነገር አይመልስም፤ ወደ ዳጉ ወጣ። የአፋር ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ይለዋወጣል፤ ዳጉ ይሉታል። እዚያ ላይ የዋሸ ሰው ዳግም አይሰማም። ያዮ በዘጠነኛው ቀን ተመለሰ።

«ከአፋምቦ እስከ ገላፊ ጠይቄያለሁ፣ ያየው የለም» አላቸው። «አንተ ዶክተር፣ በዚህ ሙቀት ይሄን ሁሉ ፀጉር የተሸከመ እንስሳ ካለ ራሱ መጥቶ ምላጭ ይጠይቅሃል።»

ሪፖርቱ ላይ የሰፈረው «የአካባቢው ማኅበረሰብ ከባህላዊ እምነት የተነሳ እንስሳውን እንደሚደብቅ ፍንጮች ተገኝተዋል» የሚል ነው። በኮምፒውተር የተየብኩት እኔ ነኝ። ያዮ ደጅ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ ነበር፤ ወጥቼ ስኳር ጨመርኩለት።

ፀጉሩ በተገኘ በስድስተኛው ሳምንት ሰመራ ላይ ዓውደ ጥናት ተጠራ። በዶክተሩ መኪና ከአዋሽ ተነስተን ቀኑን ሙሉ ተጓዝን፤ ዶክተሩ ከፊት፣ እኔና ያዮ ከኋላ፣ ፀጉሩ በመስታወት ሣጥን ሆኖ በመካከላችን፣ በቀበቶ ታስሮ። ለእኔና ለያዮ ቀበቶ አልነበረም።

ሰመራ ከተማው ገና ያላለቀ ቢሮ ይመስላል፤ ነፋሱ ግን ጨርሶ የተሠራ ነው። አዳራሹ ውስጥ ማቀዝቀዣው ስለሚሠራ ሁሉም ኮት ለብሷል። «ባለድርሻ አካላት» በሙሉ ነበሩ፤ ባለድርሻ ያልሆነው ጅቡ ብቻ ነው። ዶክተሩ መድረክ ላይ ሲወጡ አንገታቸው ረዘመ። የአንበሳውን ድምፅ፣ የጎተራውን አይጥ ሁሉ አነሱ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ለዚህ ቀን ሲያዘጋጃቸው እንደኖረ ተናገሩ። እኔ በበኩሌ አላህ እውነተኛ እንስሳ ቢያደርግላቸው ብዬ ለአፍታ ዱዓ አደረግኩ።

ከዚያ የውሳኔ ሐሳቦቹ ተነበቡ። አንደኛ፣ ፕሮጀክቱ ለአምስት ዓመት ይራዘም። ሁለተኛ፣ ቤተ ሙከራው ይከፈት፤ እዚህ ላይ ዶክተሩ በዓይናቸው ፈልገው አገኙኝ። ሦስተኛ፣ የእንስሳው መኖሪያ እንዳይረበሽ ዋሻውና ቁልቁለቱ በሽቦ ታጥሮ ለሰውና ለከብት ይዘጋ።

ያዮ በአማርኛ የተነበበውን በሚገባ ሰምቷል። ተነስቶ በአፋርኛ ተናገረ፤ በአገሩ፣ በሰመራ፣ በቋንቋው ሊናገር ይገባዋል። አፋርኛ የገባኝ እዚያው አዋሽ ፀጉር ስሠራ ነው፤ ሁሉን ባይሆንም ብዙውን እይዛለሁ። ፍየሎቹ ሦስት መቶ እንደሆኑ ተናገረ። ሌላው የውሃ መውረጃ የአንድ ቀን መንገድ እንደሚርቅ፣ ግልገል ያን መንገድ እንደማይችል ተናገረ። ዋሻው አጠገብ እንደተወለደ፣ አባቱም እዚያ እንደተወለደ፣ ይሄን እንስሳ ጅብ ከበላው በኋላ እንጂ ከመበላቱ በፊት ያየ አንድ ሰው ካለ እጁን ያውጣ አለ። አሥር ደቂቃ ያህል ነው የተናገረው።

አስተርጓሚው ማይክሮፎኑን ያዘ። «የፕሮጀክቱን ዓላማ እንደሚደግፉ ገልጸዋል» አለ።

ተጨበጨበ። አቶ አብዱናሲርም ለማኅበረሰቡ ድጋፍ አመሰገኑ። ያዮ ጭብጨባው ለምን እንደሆነ ገብቶታል፤ ዞሮ እኔን አየኝ። ሌላ ሰው አላየም። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ ቢኖር ይቀለኝ ነበር። እሱ ያየኝ፣ አንቺ ምን ሰማሽ፣ ምን አየሽ ብሎ እንደሚጠይቅ ሰው ነው። ዳጉ ሊቀበለኝ።

እጄን አወጣሁ። ማይክሮፎን የሚያዞረው ሰው ሻይ የምታቀርበዋን ልጅ መስዬው አለፈኝ። ስለዚህ ራሴ ተነስቼ ወደ መድረኩ ሄድኩ።

ላይተሬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ሹሩባ የምትሠራ ሴት ያለ ላይተር ከቤት አትወጣም፤ የዊግ ጫፍ እንዳይፈታ የሚዘጋው በእሳት ነው። መጀመሪያ ከሻርፔ ስር አንድ የራሴን ፀጉር ነቅዬ ለኮስኩ። ቱስ ብሎ አመድ ሆነ፤ የተቃጠለ ቀንድ ሸተተ። ከፊት የተቀመጡት አፍንጫቸውን ያዙ። «ይሄ አጥቢ ነው» አልኳቸው። «ስሙ ሂያም ነው።» ከዚያ ሣጥኑን ከፈትኩ። አቶ አብዱናሲር ያቺን ልጅ ያዟት አሉ፣ ግን የኮሚቴው አባላት ማን ይያዛት በሚለው ላይ ገና አልተስማሙም ነበር። ከሳይንሱ ፀጉር አንዱን ለኮስኩ። አልነደደም። ተሸማቀቀ፣ ተንጠባጠበ፣ ጥቁር ዶቃ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። አዳራሹን የተቃጠለ የፕላስቲክ ጀሪካን ሽታ ሞላው፤ ማቀዝቀዣው ለሁሉም እኩል አዳረሰው።

ቁጥር ሰላሳ ሦስት መሆኑን ነገርኳቸው። ማን እንደሠራው፣ ማን እንደደፋው፣ ያዮ በአሥር ደቂቃ ምን እንዳለ ነገርኳቸው። ወንበሬ፣ ጋዋኔ፣ ማይክሮስኮፔ እያንዳንዳቸው ከአፌ ሲወጡ ይሰማኝ ነበር።

ዶክተሩን ለማየት ፈራሁ። እሳቸው ግን ወደ እኔ መጡ። ዶቃውን አንስተው አገላበጡት። ላይተሩን ከእጄ ወሰዱ፤ ሁለተኛ ፀጉር አውጥተው ራሳቸው ለኮሱ። ሦስተኛ። ሦስቱንም ዶቃዎች በመዳፋቸው አድርገው ወደ ማይክሮፎኑ ሄዱ።

«ልጅቷ ትክክል ናት» አሉ። «ነግራኝም ነበር።»

አቶ አብዱናሲር የሻይ ዕረፍት አወጁ።

ከሻይ በኋላ ፕሮጀክቱ አልሞተም፤ ስሙ ተቀየረ። የፕላስቲክ ብክለት በሥጋ በል አጥቢዎች ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ሆነ። ኮሚቴው ያው ኮሚቴ፣ ካናቴራውም ያው ካናቴራ ነው። ሦስተኛው የውሳኔ ሐሳብ ብቻ ተሰረዘ፤ ለሌለ እንስሳ አጥር አይታጠርም። ያዮ በመመለሻው ላይ አንድም ቃል ሳይናገረኝ ሚሌ ድረስ ሄድን። እዚያ መኪናው ሲቆም ወርዶ ለአንድ ሽማግሌ ዳጉ ሲያደርስ ሰማሁት፤ ያ እንስሳ ተገኝቷል፣ አዋሽ ነው ያለው፣ የሚኖረውም ሴቶች ራስ ላይ ነው አለው። ሽማግሌው እስኪያነባ ሳቀ። ያዮ ሲመለስ ኩኪስ ገዝቶልኝ መጣ።

ከሁለት ወር በኋላ ማስታወቂያ ወጣ። ሰመራ፣ ቤተ ሙከራ፣ የሰው ሠራሽ ፀጉር ልየታ ባለሙያ፤ የመጀመሪያ ዲግሪና ከዚያ በላይ። አመለከትኩ። መልሱ የተከበረ ነበር፤ ልምዴ ከሚፈለገው በላይ፣ ትምህርቴ ከሚፈለገው በታች መሆኑን ገልጾ አመሰገነኝ። ዶክተሩ ቃል የገቡልኝን ደብዳቤ ጽፈው እንደነበር አውቃለሁ፤ ቅጂውን አሳይተውኛል። አሁን ግን የሳቸው ደብዳቤ ፋይል ይወፍራል እንጂ በር አይከፍትም።

የተቀጠረው ኃይለ ልዑል የሚባል ልጅ ነው፤ ከተመረቀ ዓመት አልሞላውም። በገባ በሳምንቱ ደብዳቤ ይዞ አዋሽ መጣ። ደብዳቤው ለኑርሀያት የሴቶች ፀጉር ቤት ነው፤ ባለሙያው በሙያው ለሦስት ሳምንት እንዲሠለጥን በአክብሮት ይጠይቃል። አክስቴ ሁለት ጊዜ አስነበበችውና፣ ይሄ ልጅ እኛ ቤት ዲግሪውን ሊጨርስ ነው የመጣው ብላ አረጋገጠች። ከዚያ መጥረጊያውን ሰጠችው።

ልባረው ነበር። መልኩን ሳየው ግን ጥፋት አልነበረበትም፤ ማስታወቂያውን የጻፈው እሱ አይደለም። አስተማርኩት። ዓይኑን በሻርፕ አስሬ የፍየል፣ የአህያ፣ የሰው፣ የዊግ ፀጉር በጣቱ እያስያዝኩት ወደ ላይ፣ ወደ ታች አልኩት። ሲሳሳት ደንበኞቹ ይስቁበታል፤ አንዷ ሙሽራ የራሷን ፀጉር የአህያ ብሎባት ከካስክ ስር ወጥታ ልትመታው ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አልተሳሳተም።

በመጨረሻው ቀን ዶክተሩ የምስክር ወረቀቱን ቅጽ ይዘው መጡ። ጡረታቸው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ሻንጣቸው ታስሯል። ከካስኩ ሥር ባለው ወንበር ተቀመጡ፣ ሌላ ወንበር አልነበረም። ቅጹን ሞላሁ። የሠልጣኝ ስም። የሥልጠናው ዓይነት። የአሠልጣኝ ስም፣ ሂያም። ቀጥሎ አንድ መስመር አለ፤ የአሠልጣኝ የትምህርት ደረጃ።

ብዕሬ ቆመ። ዶክተሩ መቆሙን አይተው አንገታቸውን አስግገው አነበቡ።

«እውነቱን ጻፊ» አሉኝ።

«እጅ» ብዬ ጻፍኩ። የቤታችንን ማህተም አሳረፍኩበት፤ ማበጠሪያና መቀስ ነው።

ዶክተር ደምመላሽ ወረቀቱን ተቀብለው ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ ብዕሩን ለምነውኝ ከማህተሙ ሥር «አይቼ አረጋግጫለሁ» ብለው ፈረሙ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ፣ አይቻለሁ ብለው የፈረሙት የመጀመሪያው ነገር ነው።